የእግር ዝሆኔና የምርምር ገንዘብ
በጎጃም ደጋ የተካሄደ አንድ ጥናት ስለ መንግሥታት የጤና ርዳታ ምን ያስተምረናል?

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ዐይኑን የሚስበው የአፈሩ መልክ ነው። ክረምት ሲሆን እንደ ሊጥ እግር ላይ የሚለጠፍ፣ በጋ ሲሆን ደግሞ እንደ ዱቄት የሚቦን ቀይ አፈር በብዙ ቦታ ይገኛል። ጤፉንና ስንዴውን አብቅሎ የጎጃምን ገበሬ ከነቤተሰቡ የሚመግበው ይኸው አፈር ነው። ነገር ግን ይህ መጋቢ አፈር ዘመኑን ሙሉ በባዶ እግሩ ከሚረግጠው ሰው መካከል የአንዳንዱን እግር ቀስ በቀስ እያሳበጠ ከሥራና ከማኅበር ያስወጣዋል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው፣ የሕክምና ሰዎች ደግሞ «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚሉት በሽታ ይህ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ በሽታው ብቻ ለመናገር የተዘጋጀ አይደለም። በሽታውን ለመመርመርና ሕሙማኑን ለመርዳት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚሠራበት፣ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ ለመግለጥ ነው። «ግራንት» የሚለው ቃል ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ይነገራል። ይሁን እንጂ ከገንዘቡ በስተጀርባ ያለውን ሥርዐት ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ደግሞ ከጎጃም ርቆ መሄድ አያሻም።

በሽታው ምንድን ነው?

ብዙ ዘመን ዝሆኔ ሁሉ የእርግማን ወይም የዘር ጠንቅ ነው ሲባል ኖሯል። ከሐኪሞችም ወገን ቢሆን በወባ ትንኝ መሰል ተባይ ከሚተላለፈው ከሌላው የዝሆኔ ዐይነት ጋር ሲያምታቱት ቆይተዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን ይህ ደጋማ ዝሆኔ ከትንኝም ከትልም የማይመጣ መሆኑን አስረዳ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ የሆኑ ብናኞች አሉት። ብናኞቹ በእግር ቆዳ በኩል ገብተው ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ሥሮች ይጎዳሉ። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግሩ ያብጣል፤ ቆዳውም እየጠነከረና እየሻከረ ይሄዳል። ፕራይስ ለበሽታው ያወጣለት ስምም «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

በአንድ አፈር ላይ ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይድናል? ይህም ጥያቄ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና ፋሲል ተኮላ አየለ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በወላይታ ሕሙማን ላይ ያካሄዱት ጥናት፣ በሰውነት መከላከያ ኀይል ላይ የሚሠሩ አንዳንድ የውርስ ባሕርያት ሰውን ለዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚያጋልጡት አረጋግጧል። ስለዚህ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ መታየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ለአደጋው የተጋለጠ ሰው እንኳ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ሊድን ይችላል።

የጉዳቱን ስፋት ለመረዳት ጥቂት ቁጥሮች እንጥቀስ። በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ፣ በምዕራብ ጎጃም ደግሞ በደምበጫ ወረዳ በ20 ቀበሌዎች ከ17,000 በላይ ቤተሰቦች ተጎብኝተው እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት መሠረት፣ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 3.3 ሆኖ ተገኝቷል። ከሕሙማኑ ከመቶ 87 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆነ፣ ማለትም ለሥራ የደረሱ ነበሩ። አንድ ሕመምተኛ በአማካይ በዓመት 90 ቀን ያህል በትኩሳትና በሕመም ተይዞ እንደሚውል፣ እግሩ ማበጥ ከጀመረም በኋላ ሕክምና የሚፈልገው አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ እንደ ሆነ ጥናቱ ገልጧል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባለ በሚተረትበት አገር፣ ሐፍረት ሰውን አምስት ዓመት ቤቱ ያስቀምጠዋል ማለት ነው።

በአገር ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች፣ በ1,315 የሕዝብ መንደሮች በተካሄደው አሰሳ ላይ ተመሥርተው ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት፣ በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ጎልማሶች ይህ በሽታ አለባቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በሽታው ወላይታን ብቻ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያከስራት፣ ሕመምተኛውም ሊሠራበት ከሚችለው ጊዜ ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጣ አስልቶ ነበር።

ግራንት ሲባል

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ። ግራንት ማለት አንድ መንግሥት ወይም ድርጅት ለታወቀ ሥራ፣ ለታወቀ ጊዜና በታወቀ ሒሳብ የሚሰጠው፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። የማይመለስ ስለ ሆነ ብድር አይደለም። እንደ ተቀባዩ ፈቃድ የሚወጣ ስላልሆነ ደግሞ ምጽዋት ወይም ስጦታ ሊባል አይገባም። ተቀባዩ የሚመልሰው ብር ባይኖርም የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ «ይህን እሠራለሁ ብለህ ነበር፤ ሠራህን? ምንስ አገኘህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ለጤና የሚሰጠው ግራንት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የምርምር ነው፤ ያልታወቀውን ለማወቅ ይውላል። ሁለተኛው የአገልግሎት ነው፤ የታወቀውን መድኃኒትና እንክብካቤ ለሕዝብ ለማድረስ ይውላል። የምርምሩ ገንዘብ ጤና ጣቢያ አይሠራበትም፤ የአገልግሎቱም ገንዘብ ለአዲስ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሣው ይህ ልዩነት ለሕዝቡ ሳይነገር ሲቀር ነው። ገበሬው ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው መጥቶ እግሩን ሲለካ ሊታከም መስሎት ተስፋ ያደርጋል፤ ለካው ግን ለጥናት ብቻ ከሆነ «ለክተውኝ ሄዱ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም።

የጎጃሙ ጥናት

ለዝሆኔ የሚደረገው እንክብካቤ ቀላል ነው። እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ተሕዋስያንን በሚገድል ውሃ መንከር፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ያበጠውን በፋሻ መጠቅለል፣ በመጨረሻም ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በወላይታም በጎጃምም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይህን ለሕሙማን ሲያስተምሩ ቆይተዋል። በደብረ ማርቆስ አካባቢም የዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት በዚህ ሥራ ይታወቃል። ይሁን እንጂ እንክብካቤው በእርግጥ ሕመሙን ይቀንሳል ወይስ ለሕሙማኑ ደግ መሆን ብቻ ነው? ይህን በሚዛን መዝኖ ያሳየ ጥናት አልነበረም። ማስረጃ ከሌለ ደግሞ የመንግሥት በጀት አዛዥ «ሳሙናውን ልግዛ» ብሎ ለመፈረም ይቸገራል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተመራማሪዎቹ ቡድን ገንዘብ ያገኘው ከሦስት ወገኖች የጋራ መዝገብ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ የእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ እነርሱም የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስቴርና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ናቸው። ሦስተኛው ዌልካም ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሦስቱ በአንድነት በድኻ አገሮች ለሚካሄዱ የሕክምና ሙከራዎች ገንዘብ የሚሰጡበት ዕቅድ ነበራቸው፤ ተመራማሪዎችም በውድድር ያገኙታል።

ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ብልህ ሥራ ተሠርቷል። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ወደ ሕዝቡ ገብተው፣ ሰው ስለ ምርምር ምን እንደሚያስብ፣ ፈቃዱን በምን ዐይነት ቃል መጠየቅ እንደሚገባ፣ ስለ «ዕጣ» ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ጠየቁ። ዕጣ ያልነው ሕሙማኑ በሁለት ስለሚከፈሉ ነው። የአንደኛው ወገን ሰዎች እንክብካቤውን ወዲያው ያገኛሉ፤ የሁለተኛው ወገን ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ያገኛሉ። ማን በየትኛው ወገን እንደሚሆን የሚወስነው ዝምድናም ሹመትም ሳይሆን ዕጣው ብቻ ነው። ነገሩ ሳይብራራ ቢቀር ኖሮ አድልዎ መስሎ ሕዝቡን ባሳዘነ ነበር።

በምሥራቅ ጎጃም በጠቅላላው 696 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። ከፊሎቹ ወዲያው እንዲጀምሩ፣ ሌሎቹ ዓመት እንዲጠብቁ ሆነ። ከሕዝቡ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ ረዳቶች ሕሙማኑን ያበረታቱና ይከታተሉ ነበር። ውጤቱ በሔኖክ ንጉሤ ግንባር ቀደም ጸሐፊነት እ.ኤ.አ. በ2018 በታወቀው የሕክምና መጽሔት በላንሴት የዓለም ጤና ክፍል ታተመ። እንክብካቤውን ወዲያው ያገኙት ሕሙማን እያንዳንዳቸው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ አጣዳፊው ሕመም ሲነሣባቸው፣ የሚጠብቁት ላይ ግን 23.9 ጊዜ ተነሥቷል። ይህም ከመቶ 19 ያህል መቀነሱን ያሳያል።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ድካም ለዚህች ቅናሽ ነውን?» ይል ይሆናል። ቅናሹ በእርግጥ ተአምር የሚባል አይደለም። ዳሩ ግን ያስገኘው ውድ መርፌ ሳይሆን ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የሚነሣ ሕመም የቀረለት ገበሬ በአጨዳ ወቅት የሚያገኘው ቀን ስንት እንደ ሆነ የሚያውቀው ራሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከዚያ በፊት በእምነት ብቻ ይደረግ የነበረው ነገር በማስረጃ ተደግፏል። የምርምር ገንዘብ ትክክለኛ ፍሬም ይኸው ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይጠየቃል?

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። የምርምር ገንዘብም የሚጠይቀውን እንጂ የሚጠብቀውን አይፈልግም። በዩኒቨርሲቲም ሆነ በሆስፒታል ወይም በዞንና በወረዳ ጤና መምሪያ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ማወቅ የሚገባውን በዐጭሩ እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ጥሪውን መከታተል ነው። ገንዘብ ሰጪዎች በየጊዜው ጥሪ ያወጣሉ፤ ጥሪውም ማን ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ለምን ዐይነት ሥራ እንደ ሆነና እስከ መቼ እንደሚቀበሉ ይናገራል። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ከመንግሥት ከሚመደብላቸው በጀት ለመምህራኖቻቸው የምርምር ገንዘብ ያወዳድራሉ። ከውጭ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ምርምር ተቋም፣ የአውሮፓና የአፍሪካ መንግሥታትም በአንድነት ያቋቋሙት የሕክምና ሙከራዎች ትብብር ይጠቀሳሉ። በዚህ በመጨረሻው ትብብር ኢትዮጵያም አባል ናት።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው የጠራ መሆን አለበት። «የጎጃምን ሕዝብ ጤና ማሻሻል» የሚል ርእስ መልካም ምኞት ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «እግርን በየቀኑ መታጠብ በአንድ ዓመት ውስጥ አጣዳፊውን ሕመም ይቀንሳልን?» የሚለው ግን ሊለካ የሚችል ጥያቄ ነው። ገምጋሚው መልሱ እንዴት እንደሚታወቅ ካልታየው ገንዘቡን አይፈቅድም።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ እውነተኛ ይሁን። ነዳጁ፣ አበሉ፣ ሳሙናው፣ የመረጃ ሰብሳቢው ደመወዝ ሁሉ በየዝርዝሩ ይጻፋል። ያነሰ ሒሳብ አቅርቦ ሥራውን በመካከል ማቋረጥ፣ ያበዛ ሒሳብ አቅርቦ ከመታማት የተሻለ አይደለም።

አራተኛ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ጉባኤ ታይቶ መፈቀድ አለበት። ሕመምተኛው ምን እንደሚደረግለትና ምን እንደማይደረግለት በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ወዶ ይገባል፤ ሲፈልግም ያለ ቅጣት ይወጣል።

አምስተኛ፣ ሕዝቡን ከመጀመሪያው ማማከር ነው። የእንግሊዙ የጤና ምርምር ተቋም ለድኻ አገሮች ከተመደበው የመንግሥት ርዳታ በሚሰጠው ገንዘብ፣ የየአገሩ ተመራማሪዎች እኩል ተካፋይ እንዲሆኑና ሕዝቡም በሥራው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ይህ ለደብረ ማርቆሱ ተመራማሪ መልካም ዕድል ነው፤ አገሩን፣ ቋንቋውንና ልማዱን ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ስድስተኛ፣ ገንዘቡ ሲገኝ በየጊዜው ዘገባ ማቅረብና መዝገብን ለመርማሪ ክፍት ማድረግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ስሙን የሚገነባው በመጀመሪያው ግራንት አያያዝ ነው፤ ሁለተኛው የሚመጣውም በዚያው ስም ነው።

ጊዜው ሲያልቅስ?

የግራንት ዋና ድካሙ መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ጥናቱ በተባለበት ቀን ያልቃል፤ የሕመምተኛው እግር ግን ዕድሜ ልኩን መታጠብ ይፈልጋል። በውል የመጣው ሳሙና ሲያልቅ ማን ይገዛዋል?

ይህ ጥያቄ ዛሬ እጅግ አስቸኳይ ሆኗል። የጎጃሙን ጥናት ከረዱት መካከል አንዱ የነበረው የእንግሊዝ የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ቀርቷል። ያ መንግሥት ለውጭ ርዳታ ያውለው የነበረውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 0.5 ዝቅ አደረገ፤ እስከ 2027 ደግሞ ወደ 0.3 እንደሚያወርደው እ.ኤ.አ. በ2025 አስታወቀ። የአሜሪካው ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትም በዚያው በ2025 ሥራውን አቁሟል። እነዚህ ውሳኔዎች የተወሰኑት በሩቅ አገር ምክር ቤቶች ነው፤ የጎጃም ሕመምተኛ በዚያ ድምፅ የለውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉ አባቶች ይህን የመሰለ ነገር አይተው ነው።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገድንና የጤና አገልግሎትን ማወኩ የታወቀ ነው። ረዳቱ ወደ ሕመምተኛው ቤት ለመድረስ፣ ሕመምተኛውም ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ከገንዘብም በፊት ሰላም ያስፈልገዋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ፍንጩ ከጎጃም ምዕራብ፣ ከአዊ ይገኛል። የእንግሊዙ የጤና ምርምር ተቋም በረዳው ቀጣይ ሥራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆነው ሌላ ጥያቄ አነሡ። ይኸውም እንክብካቤው ለብቻው በሚቆም ፕሮጀክት ሳይሆን፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት ውስጥ በመደበኛው አገልግሎት ሊሰጥ ይችላልን? የሚል ነው። በዚያ ሥራ ለፖዶኮኒዮሲስ፣ በትንኝ ለሚመጣው ዝሆኔና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በአንድነት እንዲታከሙ፣ ከእግራቸውም ሌላ የተጨነቀ ልባቸው እንዲታይ ተደርጓል። አገልግሎቱ ወደ መንግሥቱ ጤና ጣቢያ ከገባ ግራንቱ ቢያልቅም ነርሷ አትሄድም፤ በሩም አይዘጋም።

መንግሥትም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ቸል የተባሉ የቆላ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስን አስገብቶታል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በዕቅድ መጻፍና በበጀት መመደብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የወረዳ ምክር ቤት ዓመታዊ በጀቱን ሲያጸድቅ ለሳሙና፣ ለቅባትና ለፋሻ የተለየ መደብ ካልከፈተ፣ ዕቅዱ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የውጭ ርዳታ ወደ ዘላቂ የአገር ሀብት ሊለወጥ እንደሚችል ከጣና ማዶ አንድ ምስክር አለ። በ1945 ዓ.ም. በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ገንዘቡና ባለሙያው ከኢትዮጵያ መንግሥት፣ ከአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ክፍል፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በጋራ የመጣ ነበር። እዚያ የሠለጠኑት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያዎች ተሰማሩ። የውጭዎቹ ሰዎች ጊዜያቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሐኪም ያወጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአገሩ መንግሥት ድርሻ ነበረበት፣ ባለቤትም ነበረው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህ ነው። የውጭ መንግሥት ገንዘብ ሲገኝ በደስታ መቀበል፣ በታማኝነት መሥራትና ዕውቀቱን ማስቀረት ይገባል። ነገር ግን ገንዘቡ በሚፈረምበት በዚያው ቀን «ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ማን ይይዘዋል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይጻፍ። ተመራማሪው በንድፉ፣ ጤና መምሪያው በዕቅዱ፣ ምክር ቤቱ በበጀቱ መልስ ይስጡበት።

ለግለሰቡም የሚቀር ድርሻ አለ። ልጅን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ማልበስና ማታ እግሩን ማጠብ ጥሪም ገምጋሚም አይጠብቅም። እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው አምስት ዓመት ከመሸሸግ ይልቅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ኬላው ይሂድ። ጎረቤቱም ከማኅበሩና ከሰንበቴው አያርቀው፤ በሽታው አይጋባምና። ትልልቁን ገንዘብ መንግሥታት ይመድቡት፤ ሕመምተኛውን ከሰው ተራ የሚያኖረው ግን የመንደሩ ሰው ነው።